የተዳፈነ እሳት እንጨት ይፈጃል? የስልክ መተግበሪያዎችን የመዝጋት ልማድና እውነታው

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በቡሬም ሆነ በሞጣ «ስልኬ ባትሪ አይዝም» ብሎ ወደ ሞባይል ጥገና ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር አንድ ነው፦ «ከኋላ የተከፈተውን ሁሉ ዝጋው።» ምክሩ ከጠጋኝ ወደ ደንበኛ፣ ከልጅ ወደ እናት፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሲሻገር ኖሮ ዛሬ ከምግብ በኋላ እጅ እንደ መታጠብ ያለ ልማድ ሆኗል። ሰው ስልኩን ወደ ኪሱ ከመመለሱ በፊት በቅርብ የተጠቀመባቸውን መተግበሪያዎች ዝርዝር ይከፍታል፤ ካርዶቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ያስወግዳል፤ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ልቡ ያርፋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተቃራኒው ምክር ተሰራጭቷል፤ «መዝጋቱ ጭራሽ ባትሪ ይጨርሳል፤ አትንኩት» የሚል። ይህኛው ምክር የስልኮቹን ሥርዓት ከሠሩት ሰዎች አፍ የወጣ ስለሆነ ክብደት አለው። ነገር ግን 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው፣ ሦስት ዓመት ያገለገለ ስልክ የያዘ ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ካየው ጋር አይገጥምለትም። እሱ ሲዘጋጋ ስልኩ ሲፈጥን አይቷል። ክርክሩ የማይቋጨው ሁለቱም ወገኖች «ተከፍቷል» የሚለውን ቃል እንደ አንድ ነገር ስለሚይዙት ነው። በስልክ ውስጥ ግን ክፍት መሆንና ሥራ ላይ መሆን ለየቅል ናቸው።

## ዝርዝሩ የሚያሳየው ምንድን ነው?

ለስህተቱ መነሻ የሆነው ራሱ ዝርዝሩ ነው። ካርዶቹ ተደርድረው ሲታዩ ሁሉም ነቅተው የሚሠሩ ይመስላሉ። እውነቱን ለማየት ቀላል ፈተና አለ። ጥቂት መተግበሪያዎችን ከፍቶ መውጣት፣ ከዚያ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ማብራት፣ ቀጥሎም ዝርዝሩን መክፈት ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ካርዶቹ እንዳሉ ይገኛሉ። ስልኩ ጠፍቶ ስለነበር ከእነርሱ አንዱም በሥራ ላይ ሊሆን አይችልም፤ የሚታየው መተግበሪያው ከመዘጋቱ በፊት የነበረው ገጽ ምስል ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ «አሁን የሚሠሩት እነዚህ ናቸው» የሚል ሪፖርት ሳይሆን «በቅርቡ የጎበኟቸው እነዚህ ናቸው» የሚል ማስታወሻ ነው። ከላይ ያሉት ጥቂቶቹ ምናልባት በሚሞሪ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከታች ያሉት አብዛኞቹ ከወጡ ሰንብተዋል።

እዚህ ላይ ተደጋግመው የሚነሱ ሦስት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። ሚሞሪ ወይም ራም የሚባለው ስልኩ በአሁኑ ሰዓት የሚገለገልበትን ነገር የሚያኖርበት ፈጣን ቦታ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ማከማቻ ፎቶውና ፋይሉ ለዘለቄታው የሚቀመጥበት ነው፤ ከሚሞሪ እጅግ ይዘገያል። ፕሮሰሰር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው አካል ነው። ባትሪ የሚበላው በዋናነት ፕሮሰሰሩ ሲንቀሳቀስ፣ ስክሪኑ ሲበራና አንቴናው ሲሠራ ነው። አንድ መተግበሪያ በሚሞሪ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ከሦስቱ አንዱንም አያንቀሳቅስም።

## ፍሙ በአመድ ስር

በገጠሩ ጎጃም ማታ እራት ከተበላ በኋላ የምድጃው ፍም በአመድ ይዳፈናል። የተዳፈነ እሳት ሌሊቱን እንጨት አይፈጅም። ጠዋት አመዱ ገለጥ ተደርጎ ጥቂት ጭራሮ ሲጨመርበት ይያያዛል። ማታ ውሃ የደፋበት ቤት ግን ጠዋት ክብሪት ይፈልጋል፣ ማገዶ ይፈልጋል፣ በጭስ ዓይኑን ያሻል። በስማርት ስልክ ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በአይፎን ላይ ተጠቃሚው ከአንድ መተግበሪያ ሲወጣ መተግበሪያው የጀመረውን ለመጨረስ ጥቂት ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ይታገዳል፤ በሚሞሪ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል እንጂ ፕሮሰሰሩን የመንካት ፈቃድ የለውም። ሚሞሪ ሲጠብ ሥርዓቱ ራሱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ የታገዱትን ያስወጣል። ይህ አሠራር ለሁሉም መተግበሪያዎች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው አራተኛው የአይፎን ሶፍትዌር ነው። በወቅቱ የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ተጠቃሚ መተግበሪያዎችን በእጁ ሲያስተዳድር ከታየ ሠሪዎቹ ሥራቸውን አበላሽተዋል ማለት ነው የሚል ሐሳብ መሰንዘሩ ይታወሳል።

አንድሮይድ የተሠራው ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት መሠረት ላይ ሲሆን መንገዱ ትንሽ ይለያል፤ መድረሻው ግን ተመሳሳይ ነው። ሥርዓቱ እያንዳንዱን መተግበሪያ እንደ አስፈላጊነቱ ደረጃ ይሰጠዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ከሁሉ ይቀድማል፤ ሙዚቃ የሚያጫውተው ወይም መንገድ የሚመራው ይከተላል፤ ማንም የማያየውና ምንም የማይሠራው መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። ሚሞሪ ሲያጥር ከመጨረሻው ረድፍ ጀምሮ ይባረራል። ብዙዎቹ ስልኮች ከማባረራቸው በፊት ሌላም ዘዴ አላቸው፤ እምብዛም የማይነካውን መረጃ ጨምቀው እዚያው ሚሞሪ ውስጥ በጠባብ ቦታ ያስቀምጡታል። በአዳዲሶቹ የአንድሮይድ ስሪቶች ላይ ደግሞ የተቀመጠ መተግበሪያ ፕሮሰሰሩን ፈጽሞ እንዳይነካ የሚያደርግ አሠራር አለ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተጠቃሚው ተኝቶም ቢሆን ነው።

## ባዶ ሚሞሪ ምን ያተርፋል?

የተከራዩት ቤት ባዶ ቢሆንም ኪራዩ አይቀርም። ሚሞሪም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያለውን መረጃ እንዳይረሳ ያለማቋረጥ በኤሌክትሪክ መታደስ አለበት፤ ግማሹ ባዶ ቢሆንም ሙሉ ቢሆንም ለውጥ አያመጣም። «ነፃ ሚሞሪ 60 በመቶ» የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ማየት ያስደስት ይሆናል፤ ለባትሪው ግን ምንም አልተጨመረለትም።

ወጪው የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ከሚሞሪ የተጠረገ መተግበሪያ እንደገና ሲከፈት ፋይሎቹን ከማከማቻ ማንበብ፣ ራሱን ከመጀመሪያው መገንባት፣ ብዙ ጊዜም ከኢንተርኔት መረጃውን እንደገና መጥራት አለበት። ፕሮሰሰሩ በእነዚህ ሰከንዶች በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። በሚሞሪ ያለው ግን ካቆመበት ይቀጥላል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለሚከፈት መተግበሪያ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ቴሌግራምን በሰዓት አሥር ጊዜ ለሚከፍትና አሥር ጊዜ ለሚዘጋ ሰው ግን እሳቱን በየሰዓቱ አሥር ጊዜ አጥፍቶ አሥር ጊዜ እንደ መለኮስ ነው።

በዚህ ላይ ከሁለቱ ኩባንያዎች የተሰማው ምስክርነት ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ደንበኛ ለአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለቲም ኩክ በኢሜይል ሁለት ጥያቄ አቀረበ፦ እርስዎ መተግበሪያዎችዎን በየጊዜው ይዘጋሉ ወይ? ይህስ ለባትሪ ዕድሜ ያስፈልጋል ወይ? መልሱን የጻፈው የኩባንያው የሶፍትዌር ኃላፊ ክሬግ ፌዴሪጊ ሲሆን ለሁለቱም ያለው «አይ» ብቻ ነበር። በዚያው ሰሞን በጎግል የአንድሮይድ ኃላፊ የነበረው ሂሮሺ ሎክሃይመር መዝጋቱ ነገሩን በጥቂቱ ሊያባብስ እንደሚችል ተናገረ። ተጠቃሚው መተግበሪያውን በቅርቡ ካልፈለገው በስተቀር የሚል ማስተካከያም ጨምሯል። «በጥቂቱ» የሚለው ቃል ልብ ይባል፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። መዝጋት ስልክ አይገድልም። ከጥቅሙ ይልቅ ድካሙ ያመዝናል ማለት ነው።

## ልማዱ ከየት መጣ?

የሚዘጉት ሰዎች ከመሬት ተነሥተው አልጀመሩም። ከስማርት ስልኩ በፊት በእጃችን የነበሩት የኖኪያ ሲምቢያን ስልኮች ላይ ከበስተጀርባ የተተወ ፕሮግራም በእርግጥም ሥራውን ይቀጥል ነበር፤ ሚሞሪውም ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ጭብጥ የማይሞላ ነበር። በዊንዶውስ ኮምፒውተርም ላይ ተከፍቶ የተተወ ፕሮግራም መሥራቱን አያቆምም። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሲወጡ መተግበሪያዎች ከበስተጀርባ እንደ ልባቸው ይነቁ ስለነበር «ገዳይ» የሚባሉ የማጽጃ መተግበሪያዎች በሚሊዮን ይወርዱ ነበር። ምክሩ በተወለደበት ዘመን ትክክል ነበር። ስልኩ ተለወጠ፣ ምክሩ ግን አልተለወጠም።

ማጽጃዎቹ ደግሞ የራሳቸው ገበያ አላቸው። ቁልፏን ሲነኳት ሮኬት ይወነጨፋል፣ ክቡ ይሽከረከራል፣ «1.2 ጊጋባይት ተለቀቀ» ይላል፤ ከዚያ ማስታወቂያ ይመጣል። ከደቂቃ በኋላ ሥርዓቱ የሚያስፈልጉትን አገልግሎቶች መልሶ ይጭናል፤ ማጽጃውም እንደገና የሚያጸዳው ያገኛል። ስልኩን ያፈጥናል የተባለው መተግበሪያ ራሱ ከበስተጀርባ ሲሠራና ማስታወቂያ ሲጭን ባትሪና ዳታ ይበላል። በዚህ ጽሑፍ ከሚነሱት ነገሮች ሁሉ ያለ ማመንታት «አያስፈልግም» ሊባል የሚችለው እሱ ነው።

## በእርግጥ የማይተኙትስ?

አምራች ስለ ራሱ ዕቃ ሲመሰክር ቃሉን እንዳለ መዋጥ አይገባም። የተዳፈነ የሚመስል ሁሉ የተዳፈነ አይደለም፤ አንዳንዱ ውስጥ ውስጡን ይነድዳል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ወደ 2000 የሚጠጉ ጋላክሲ ኤስ3 እና ኤስ4 ስልኮችን ተከታትሎ በቀን ውስጥ ከሚያልቀው የባትሪ ኃይል 45.9 በመቶው የሚሄደው ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ሁሉ የመተግበሪያዎች ጥፋት አይደለም፤ ስልኩ ከኔትወርክ ማማ ጋር መገናኘቱም አለበት። ጉልህ ድርሻው ግን የእነርሱ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ፌስቡክ የአይፎን መተግበሪያው ባትሪ ሲጨርስ እንደነበር አመነ። አንደኛው ምክንያት በኔትወርክ ኮዱ ውስጥ ፕሮሰሰሩን በከንቱ የሚያዞር ስህተት ነበር፤ ሁለተኛው ቪዲዮ ተከፍቶ ሲወጣ የድምፅ አገልግሎቱ ሳይዘጋ መቅረቱ ነው። ስልኩ ድምፅ እየተጫወተ ነው ብሎ ስላመነ መተግበሪያውን አላስተኛውም። ያን ሰሞን ፌስቡክን ጠርጎ የዘጋ ሰው ባትሪ ቆጥቧል፤ የሳቀበት ሰው ተሳስቷል።

ከዚያ ወዲህ ልጓሙ እየጠበቀ መጥቷል። በዚያው በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ስልኩ ሳይነካ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መተግበሪያዎች በየሰዓቱ ከመንቃት ይልቅ ተራቸውን ጠብቀው በአንድ ላይ እንዲነቁ አደረገ። አንድሮይድ 8 በ2017 ከበስተጀርባ ለመሥራትና አካባቢን ለመከታተል ገደብ አበጀ። አንድሮይድ 9 በ2018 መተግበሪያዎችን በአጠቃቀም ድግግሞሽ መድቦ እምብዛም የማይከፈቱትን የመንቃት ዕድል ቀነሰባቸው። የ2015ቱን ጥናት ዛሬ በአዲስ ስልክ ላይ እንዳለ መጥቀስ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ ሥርዓቱ አውቆ እንዲነቁ የሚፈቅድላቸው አሉ፦ ሙዚቃና ሬዲዮ፣ ካርታ፣ ፋይል የሚያወርድ ወይም የሚጭን፣ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ፣ ኢንተርኔት በሌላ መንገድ የሚያሳልፈው ቪፒኤን፣ ስልኩን ለሌሎች የዋይፋይ ምንጭ የሚያደርገው አገልግሎት። ካርታ ከፍቶ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው ከደረሰ በኋላ ጉዞውን ካላስቆመ ስልኩ አካባቢውን መከታተሉን ይቀጥላል። እነዚህን መዝጋት ትርጉም አለው። ደርቆ የቀረ ወይም ስልኩን ያለ ምክንያት ያሞቀ መተግበሪያም እንዲሁ። አፕል ራሱ መተግበሪያን በግድ መዝጋት የሚያስፈልገው መልስ መስጠት ሲያቆም ብቻ እንደሆነ ይመክራል።

የትኛው እንደሚበላ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። በሴቲንግ ውስጥ «ባትሪ» የሚለው ክፍል እያንዳንዱ መተግበሪያ ምን ያህል እንደበላ ይዘረዝራል፤ ብዙ ስልኮችም ስክሪን ላይ ሳለ የበላውን ከበስተጀርባ ከበላው ይለያሉ። ለአምስት ደቂቃ ብቻ የተከፈተ መተግበሪያ ከበስተጀርባ ሦስት ሰዓት ከሠራ ተጠርጣሪው ተገኝቷል። መፍትሔው በቀን ሃያ ጊዜ መጥረግ አይደለም፤ እዚያው ገጽ ላይ የበስተጀርባ ፈቃዱን መገደብ ወይም ጭራሹን ማራገፍ ነው።

## በእጃችን ያሉት ስልኮች

እስካሁን የተባለው በውድ ስልኮች ላይ በደንብ ይሠራል። በጎጃም ከተሞች መደብሮች ውስጥ የሚሸጡት ስልኮች ግን በብዛት እነዚያ አይደሉም። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የሚባሉት የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ምርቶች ናቸው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአዲስ አበባ መገጣጠሚያ አለው። በርካሾቹ ሞዴሎች ላይ ሚሞሪው ትንሽ ስለሆነ ሥርዓቱ ራሱ ጉልህ ድርሻውን ይይዛል፤ ለመተግበሪያዎች የሚተርፈው ጠባብ ነው። በእንዲህ ያለ ስልክ ላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ካሜራ ተከታትለው ሲከፈቱ ሥርዓቱ አንዱን ሲያስወጣ ሌላውን ሲጨምቅ ይጠመዳል፤ ስልኩም ይንቀራፈፋል። ያን ጊዜ ሁሉንም መጥረግ ለጥቂት ደቂቃ እፎይታ ይሰጣል። ተጠቃሚው ያየው ፍጥነት ሐሰት አልነበረም። የተሳሳተው ፍጥነቱን ከባትሪ ቁጠባ ጋር ማያያዙ ላይ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ሌላው ልዩነት ጥግ ድረስ የሄደ ቁጠባ ነው። ብዙ የቻይና አምራቾች ባትሪ ብዙ ቀን ይቆያል ለማለት ሲሉ ጎግል ካወጣው ገደብ አልፈው ከበስተጀርባ ያለውን ሁሉ ይገድላሉ። በእነዚህ ስልኮች ላይ መተግበሪያን ከዝርዝሩ መጥረግ አንዳንዴ «ፎርስ ስቶፕ» ከተባለው ጋር እኩል ይሆናል። ፎርስ ስቶፕ ማለት መተግበሪያውን በግድ ማስቆም ነው፤ በዚህ መንገድ የቆመ መተግበሪያ ተጠቃሚው በእጁ እስኪከፍተው ድረስ መልእክት አይቀበልም፣ የያዘው ማንቂያ ይሰረዛል፣ ጥሪ አያስተናግድም።

መዘዙ በተግባር ይታያል። ከውጭ አገር ወይም ከአዲስ አበባ በኢሞ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የሚደወልላቸው እናት ስልካቸው አልጮኸም ይላሉ፤ ደዋዩ ደግሞ አላነሡም ይላል። ስልኩ ክፍት ነው፣ ዳታው ክፍት ነው፣ ልጃቸው ትናንት «ባትሪ እንዲቆይልሽ» ብሎ ሁሉንም ጠርጎታል። ኔትወርኩ ይወቀሳል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ለአንድ ለሁለቱ አስፈላጊ መተግበሪያዎች የባትሪ ቁጠባውን ማንሣት፣ ወይም በዝርዝሩ ላይ የቁልፍ ምልክቷን ነክቶ ካርዱን መቆለፍ ነው። ከባንክ ወይም ከቴሌብር የሚመጣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን በዚህ አይነካም። ኤስኤምኤስ የሚመጣው በስልክ መስመሩ በኩል እንጂ በመተግበሪያው በኩል አይደለም፤ መተግበሪያው ቢዘጋም፣ ጭራሹን ባይኖርም ይደርሳል።

ስለ ቴሌብርና ስለ ባንክ ካነሣን፣ ብዙ ሰው እነዚህን የሚጠርገው ለባትሪ ሳይሆን ለደኅንነት ነው። ሐሳቡ አይነቀፍም፤ ሆኖም ከዝርዝሩ መጥረግና ከሒሳብ መውጣት አንድ አይደሉም። የገንዘብ መተግበሪያን የሚጠብቀው የምስጢር ቁጥሩ ነው።

## ባትሪውን ታዲያ ማን በላው?

ከሁሉ የሚቀድመው ስክሪኑ ነው። የስክሪኑን ብርሃን በግማሽ መቀነስ ቀኑን ሙሉ ካርድ ሲጠርጉ ከመዋል ይበልጣል። ጥቁር ገጽታ ባትሪ ይቆጥባል የሚባለውም ሁኔታ አለው፤ ኦሌድ በተባሉት ስክሪኖች ላይ ጥቁሩ ነጥብ በእርግጥ ይጠፋል፣ በርካሽ ስልኮች ላይ በሚበዛው ኤልሲዲ ግን ከኋላ ያለው መብራት እንደበራ ስለሚቆይ ቁጠባው ከምንም አይቆጠርም።

ሁለተኛው፣ ለጎጃም ምድር ደግሞ ምናልባት ዋናው፣ የኔትወርክ ጥንካሬ ነው። ከገደል ማዶ ያለን ሰው የሚጣራ ሰው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ ስልክም ከማማው ሲርቅ ወይም ተራራ ሲጋርደው የማሰራጫ ኃይሉን ይጨምራል። ኔትወርክ ሲጠፋበት ደግሞ ሳያቋርጥ ይፈልጋል፤ ከ4ጂ ወደ 3ጂ፣ ከ3ጂ ወደ 2ጂ ይወርዳል፣ መልሶም ይወጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ በደጀን በኩል የሚወጣ መንገደኛ በዚህ ቁልቁለትና ዳገት ላይ ባትሪው ከሌላው መንገድ ይልቅ ቶሎ ሲያልቅ ቢያይ አይገረም። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ ሸለቆዎችም ያው ነው። መንገደኛው መተግበሪያዎቹን ሁሉ ቢጠርግ አንቴናው መፈለጉን አያቆምም። የሚያቆመው የአውሮፕላን ሁነታ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ለአንድ ሰዓት ያህል ማብራቱ ልዩነቱን ያሳያል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ዳታ ሳይኖር ባትሪ ማለቁ ግራ ያጋባው ሰው ካለ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚህ ነው። ዳታ ባይኖርም አንቴናው ሥራ አይፈታም።

ሦስተኛው የባትሪው እርጅና ነው። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። አፕል ለአይፎን 14ና ከዚያ በፊት ለነበሩት የሚሰጠው መለኪያ ከ500 ሙሉ ሙሌት በኋላ 80 በመቶ የሚሆነው አቅም እንዲቀር ነው። ሙቀት ያፋጥነዋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ወይም ቻርጅ ላይ ሆኖ ቪዲዮ የሚያጫውት ስልክ በፍጥነት ያረጃል። የደብረ ማርቆስ ብርድ በአንጻሩ ባትሪውን ለጊዜው ያደክመዋል እንጂ እንደ ሙቀቱ አይጎዳውም። ያረጀ ባትሪ ያለበት ስልክ የቱንም ያህል ቢጠረግ አይታደስም፤ ባትሪው ይቀየራል። ጠጋኙ ከምክሩ በፊት ይህን ቢመረምር ደንበኛውን ይጠቅመዋል።

## ዳታውስ?

ስለ ባትሪ ብዙ ይባላል፣ ከበስተጀርባ የሚባክነው ገንዘብ ግን ይዘነጋል። በጥቅል ለሚጠቀም ሰው አንድ ጊጋባይት የት እንደገባ አለማወቅ ከ10 በመቶ ባትሪ ይልቅ ያበሳጫል። እዚህም መጥረግ ብዙ አይረዳም። ዳታውን የሚጨርሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ በራሱ የሚጀምር ቪዲዮ፣ በራሱ የሚወርድ ፋይልና በራሱ የሚታደስ መተግበሪያ። ቴሌግራም በሞባይል ዳታ ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ማድረግ የሚቻለው በውስጡ ባለው «ዳታ እና ማከማቻ» በሚለው ክፍል ነው። አሥር ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ይህን አንድ ጊዜ ቢያስተካክል ልዩነቱን በሳምንቱ ያየዋል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በወጡት አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው የዳታ ቁጠባ ቁልፍ ደግሞ ከተመረጡት በስተቀር ሁሉም ከበስተጀርባ ዳታ እንዳይጠቀሙ ይከለክላል። አንድ ማሳሰቢያ አለው፤ የተከለከለው መተግበሪያ መልእክቱን አዘግይቶ ሊያደርስ ይችላል።

## ከመደመር ምልክቱ በኋላ ያለው ቁጥር

የሚሞሪ ጉዳይ ሌላ ግራ መጋባት ወልዷል። በስልክ ካርቶኖችና በመደብር ማስታወቂያዎች ላይ «4+4 ጊጋባይት» ወይም «8+8» የሚል ጽሑፍ እየበዛ ነው፤ አንዳንዱ ሻጭም ደምሮ «16 ነው» ይላል። ሁለተኛው ቁጥር ሚሞሪ አይደለም። ከማከማቻው ተቆርሶ፣ ሚሞሪ ሲሞላ ያልተነካውን መረጃ ለማስቀመጥ የሚያገለግል ቦታ ነው። ማከማቻ ከራም በብዙ እጥፍ ስለሚዘገይ መተግበሪያው ጨርሶ ከመዘጋት ይድናል እንጂ ስልኩ ባለ 16 ጊጋባይት አይሆንም። በትንሽ ስልክ ላይ ብዙ መተግበሪያ ለሚያቆይ ሰው መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ማከማቻው ሊሞላ ለተቃረበ ሰው ደግሞ ማጥፋቱ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሞላ ማከማቻ ራሱ ስልክን ከሚያንቀራፍፉ ነገሮች አንዱ ነው።

መተግበሪያዎች ተዳፍነው የመቆየት ዕድላቸው የሚወሰነው በእውነተኛው ሚሞሪ መጠን ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ካርድ ከመጥረግ ለመገላገል የሚፈልግ ገዢ በካርቶኑ ላይ ማንበብ ያለበት ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለውን ቁጥር ነው።